የአዴ አስካለ እጅ

አዴ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት ባኮ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የተበላሸ ማተሚያ ፈትቼ እስከ ክርኔ ቀለም በቀለም ሆኜ ሳለሁ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሶስና ናት።

«እማዬ ዐረፈች» አለችኝ። «ቀብሯ ነገ ነው። ላንተ ሳልነግርህ ብቀር እሷም ትታዘበኛለች። እንደ ልጇ ነበር የምታይህ።»

ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ሲገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሌላ ነገር ነበር። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም፣ አልኩ በሆዴ። ቀለል አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ስለ እሳቸው ልጽፍ ተነስቼ ገና ከመነሻው ብዋሽ በአንዱ ኃጢአት ላይ ሌላ መጨመር ነው። በኃጢአት በኩል የሚጎድለኝ የለም።

አምቦ ውስጥ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ አዴ አስካለን ያውቃቸዋል። «አዴ» በኦሮምኛ «ወይዘሮ» እንደማለት ነው። የታይፕ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ገብቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ እዚያ ላይ ከተማችን ገና «ሀገረ ሕይወት» ናት። በዚያች ወረቀት ፍርድ ቤት ተቀጥረው ሃያ ዓመት ገደማ ጻፉ። ኋላ መንግሥት ተለውጦ የቢሮው ሥራ በኦሮምኛ፣ ፊደሉም በቁቤ ሲሆን፣ እኩዮቻቸው «ከእንግዲህ ጣታችን አይታጠፍም» እያሉ ወደየቤታቸው ገቡ። አዴ አስካለ ግን የላቲኑን ፊደል ካርቶን ላይ እንደ ታይፕ መምቻ ደርድረው ሣሉትና ክረምቱን ሙሉ ካርቶኑን ሲደበድቡ ከረሙ። መስከረም ላይ ከወጣቶቹ እኩል ይጽፉ ነበር።

«አፌ ድሮም ኦሮምኛ ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። «እጄ ነበር አማርኛ ብቻ የሚችለው።»

እውነተኛ ዝናቸው ግን ፍጥነታቸው አልነበረም፤ ዝምታቸው ነው። ፍርድ ከመነበቡ በፊት የሚያውቀው ዳኛውና ታይፒስቷ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰው ወደ ታይፒስቷ ይሄዳል። ማር ይዞ የመጣ ነበር፣ በግ ጎትቶ የመጣም ነበር አሉ። አዴ አስካለ ማሩንም በጉንም በመጣበት ይመልሱና «ታይፒስት እጅ እንጂ አፍ የለውም» ይላሉ። ይህ አባባላቸው ከተማው ውስጥ ተረት ሆኖ ቀርቷል። የአጎታቸው ልጅ በመሬት ክስ የተረታ ዕለት ፍርዱን ጠዋት የጻፉት ራሳቸው ነበሩ። እኩለ ቀን ላይ ከዚያው ሰውዬ ጋር አንድ ትሪ ከበው ምሳ በሉ፤ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ከሰዓት ፍርዱን ሲሰማ ሰውዬው ዘወር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አኩርፏቸዋል። «ቢነግሩት ምን ነበረበት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ለእሱ ብነግረው ለማን እከለክላለሁ ታዲያ?» አሉኝ።

እኔ ያወቅኋቸው ከፍርድ ቤት ወጥተው፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት በእናቶች ጤና ላይ ጥናት ሊያደርግ አምቦ ቢሮ ከፈተ። ጠያቂዎቹ በየቀበሌው እየዞሩ ሴቶችን ያነጋግራሉ፤ ድምፁ ይቀረጻል፤ አዴ አስካለ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ይገለብጡታል። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ተቀጠርኩ። ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ነው። ሸሚዜ ኪስ ላይ ፍላሽ ሰክቼ፣ ሰው «ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ» ሲል «ምን ነክተው ነው?» ብዬ የምጀምር፣ የለየልኝ ጉረኛ ነበርኩ።

አዴ አስካለ ግን ከመጀመሪያው ቀን «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ አሉኝ። አሠራራቸው ያስቀኝ ነበር። ሄድፎኑን ከማጥለቃቸው በፊት ሻሻቸውን ያጠብቃሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጣቶቻቸው ፊደሎቹን ሳያዩ ይሮጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ላይ ላለችው ሴት ይመልሱላታል። «ኤዬ»፣ አዎ፣ ይላሉ። «አይዞሽ የኔ እናት» ይላሉ። አንዳንዴ ጭራሽ ይቆጣሉ፦ «እና ዝም አልሽው?» የሴቶቹን ድምፅ የማይሰማ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢያያቸው ከራሳቸው ጋር የሚያወሩ ይመስለዋል። ሰው ከገባ ግን በዚያች ቅጽበት ድምፁ ይቆማል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፊታቸው ድንጋይ ይሆናል። በቅጂዎቹ ላይ የሴቶቹ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እሳቸው ግን «ሰው በድምፁ ይታወቃል» እያሉ በሩን ሁልጊዜ ገርበብ ያደርጉት ነበር።

አንድ ችግር ነበረባቸው። ቢሮው ለስልጠና ብሎ የገዛው ትልቅ ባለ እንጨት ስፒከር ያለው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቦታ ስለጠፋ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። በየጠዋቱ ጠረጴዛው ሥር ገብተው፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የስፒከሩን ገመድ ነቅለው፣ በእሱ ቦታ ሄድፎናቸውን ይሰካሉ። ማታ ደግሞ መልሰው ይቀይሩታል። ጉልበታቸው ያማቸዋል። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ሲወጡ ሳቁና «ኢልማ ኮ፣ አሁንስ እኔ ስገባ እዚሁ ሥር አንጥፉልኝ» አሉኝ።

እኔም አስተካከልኩላቸው። ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ለሄድፎን የሚሆን ቀዳዳ አለ። ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ «ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩ ዝም ይበል» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ራይት ካደረጉበት ድምፁ ለጆሮ ብቻ ይሆናል። ራይት አደረግሁ። አዴ አስካለ ግን በቃል አያምኑም። እኔን ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ፣ ሄድፎኑን አጠለቁልኝ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አስከፈቱኝ፤ ከዚያ ወጥተው ግቢው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ቆሙ። ጆሯቸውን ለስፒከሩ ሰጥተው ብዙ ቆዩ። ተመልሰው ሲገቡ ራሴን ሳሙኝ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» አሉ። እግዚአብሔር ይባርክህ ማለታቸው ነው። ከዚያ የሄድፎኑን ጫፍ ከቀዳዳው ጋር በነጭ የቁስል ፕላስተር ለጠፉት፤ ፕላስተሩ ላይም በእስክሪብቶ «አይነካም» ብለው ጻፉበት።

አንድ ሁለት ወር እንዲህ ሆነን ቆየን። አሁን ወደዚያ ዓርብ መምጣቴ ነው፤ እጄ ይከብደኛል።

ዓርብ የምሳ ሰዓት ረጅም ነው። አንድ ጓደኛዬ አዲስ የወጣ ዘፈን በፍላሽ ይዞ መጣ። ግቢው ውስጥ ደህና ስፒከር ያለው የአዴ አስካለ ክፍል ብቻ ነው፤ እሳቸው ቤታቸው ለምሳ ሄደዋል። ከፈትኩት። ድምፁ በሄድፎኑ ብቻ ይወጣል። ፕላስተሩን ልላጥ አልኩና «አይነካም» የሚለውን አይቼ ፈራሁ። የፈራሁት ፕላስተሩን ነው እንግዲህ፣ ጉዴን እዩልኝ! ስለዚህ በሌላ በኩል ዞርኩ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ራይቷን አነሳኋት። ስፒከሩም ሄድፎኑም እኩል ጮኹ። ትከሻችንን እየነቀነቅን አንዱን ዘፈን አራት ጊዜ ሰማነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የቢሮው አስተባባሪ ከዕቃ ቤት ጠራኝ፤ የመጣ ጄኔሬተር እንዳወርድ። ዘፈኑን ዘጋሁ፤ ወጣሁ። ራይቷን መመለስ ረሳሁ፤ የስፒከሩንም ማብሪያ አላጠፋሁም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብዙ ዓመት ስፈልግ ነበር፣ አላገኘሁም።

ጄኔሬተሩን እያወረድን የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ በኦሮምኛ ነው፣ ረጋ ያለ ድምፅ። ሬዲዮ መሰለኝ። እንዲያውም «ዛሬ ማነው ሬዲዮ የከፈተልን?» ብዬ ቀልጃለሁ። ሴትዮዋ እንዲህ ትል ነበር፦

«አራቱንም የወለድኩት በስንት ደም ነው። ነርሷ፣ አምስተኛ ብትወልጂ ልጆችሽን ሌላ ሴት ታሳድጋቸዋለች አለችኝ። ባሌ ይህን አይሰማም፤ ውለጂ ነው የሚለው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ገበያ የምሄድ መስዬ መርፌውን እወጋለሁ። ብልቃጡን እንኳ አላይም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

እስከዚህ ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ጥዬ ሮጥኩ። መስኮቱ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ለቢሮው ጉዳይ ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ከፊታቸው የቢሮው ጽዳትና ሻይ አቅራቢ አበቡ፣ ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። አዴ አስካለ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይጽፋሉ። ድምፁ በሁለቱም ጆሯቸው ሞልቶ ስለሚገባ ውጭ ያለውን ሊለዩት አይችሉም። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል ሴትዮዋን፤ እሱንም ሰው ሁሉ ይሰማል።

እጄን ዘርግቼ ስፒከሩን አጠፋሁት። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ዓይናቸውን ገለጡና ፈገግ አሉልኝ። ሰላም ልላቸው የመጣሁ መስሏቸዋል። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሯቸው ላይ አንስተው «ምነው ኢልማ ኮ? ላብ በላብ ሆነሃል» አሉኝ።

የመለሰችላቸው አበቡ ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ ትሪውን መሬት አስቀምጣ።

«አዴ አስካለ፣ ይቺ ታደለች ናት። የወንድሜ የጉታ ሚስት። ግቢው በሙሉ ሰማ እኮ።»

አዴ አስካለ መጀመሪያ አልገባቸውም። እኔን አዩኝ፣ ስፒከሩን አዩት፣ መስኮቱን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሄደ። ሄድፎኑን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት፤ አበቡን እጇን ይዘው «ልጄ፣ በፈጠረሽ፣ እዚህ የሰማሽውን እዚሁ ተዪው» አሏት። አበቡ እጇን መነጨቀች። «ወንድሜ እኮ ነው» አለች።

«እንግዲህ እኔ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው፣ እኔው ልናገር» ብለው ወደ አስተባባሪው ቢሮ ሄዱ። ማንም ሳይጠራቸው፣ በራሳቸው እግር።

እሳቸው እዚያ ሲናገሩ እኔ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ራይቷን መለስኳት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወንበሩ ገና ይሞቅ ነበር።

በማግስቱ ጉታ ሚስቱን ከቤት አወጣት። አራቱን ልጆች አስቀርቶ እሷን ብቻ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ጉደር ሰደዳት። ነርሷ ያስፈራራቻት ነገር ሳትሞት ደረሰባት፤ ልጆቿን ሌላ ሴት ልታሳድጋቸው ነው። ሰኞ አባቷ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ቢሮው ድረስ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አልተሳደቡም። «ልጄ ለእናንተ የነገረቻችሁ ለሐኪም መስሏት ነው» ብለው ሄዱ።

አስተባባሪው ሁላችንንም ሰብስቦ ኮምፒውተሩ ፊት አቆመን። ሄድፎኑን ሰካ፣ ነቀለ፣ ሰካ። ሄድፎኑ ሲሰካ ስፒከሩ ዝም፣ ሲነቀል ይጮሃል። ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። ማሽኑ ነው ወይስ ሰው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። «ማሽኑ ደህና ነው» አልኩ። ልብ በሉ፣ ሐሰት የለበትም። በዚያች ሰዓት ማሽኑ ደህና ነበር። ያን ያህል ብልጠት ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጠያቂዎቹ ሁሉ አዴ አስካለን አዩ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱትና «እንግዲያው ከእኔው ይሆናል» አሉ። በዚያው ሳምንት አሰናበቷቸው። የከተማው ወሬ ደግሞ ከእሳቸው ቀድሞ ቤታቸው ደረሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ያሉ ሴትዮ በአንድ ከሰዓት «አፈ ልል» ተባሉ። ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው እንኳ ወሬውን ያሳጥር ጀመር።

አዴ አስካለ ቤት አልተቀመጡም። አሮጌ ታይፕ አውጥተው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ቆርቆሮ ጥላ ውስጥ፣ አቤቱታ መጻፍ ጀመሩ። ሁለት ወር ያህል በሌላ መንገድ እየዞርኩ ሳልፍ ከረምኩና አንድ ቀን ልናዘዝ ቆርጬ ሄድኩ። የታይፕ ሪባን ገዝቼላቸው ነበር። ሰው ጥፋቱን ሊናገር ሲሄድ ስጦታ ለምን እንደሚይዝ አላውቅም። ገና ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ። አጠገባቸው ያለውን ጸሐፊ «ይኸውልህ፣ ሁሉ ሲሸሸኝ የመጣልኝ ልጅ» አሉት። በዚያ ላይ እንዴት ልጀምር?

እሳቸው ጀመሩልኝ።

«ኢልማ ኮ፣ አንተ የተማርክ ነህ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ዕለት ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ነበር። አልነካሁትም። እንዴት አድርጎ ነው ውጭ የሚሰማው? የእኔ ጥፋት የቱ ጋ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ፤ ካወቅሁት ይቀለኛል።»

እንዲህ ያለ በር ለሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ይከፈትለታል? ዓይናቸውን አየሁ። ከዚያ የወጣው ቃል ይህ ነው፦

«ምናልባት መሰኪያው እስከ መጨረሻው አልገባ ይሆናል፣ አዴ። ትንሽ ላላ ካለ እንዲህ ያደርጋል። ማንም ላይ የሚደርስ ነው።»

«ላልቶ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ፕላስተሩን ስለጥፍ አልገፋሁትም ማለት ነው።» እጃቸውን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ የነበሩትን አዴ አስካለን እኔ ነኝ የሠራኋቸው። የቤታቸውን በር ዘግተው አሥር እርምጃ ይሄዱና ተመልሰው ይገፉታል። የታይፑን ክዳን ሁለት ጊዜ ይጫኑታል። የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጡ እንኳ «ተቀመጠ? ደህና ተቀመጠ?» ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጽፉ የነበሩት ሴትዮ እያንዳንዱን ፊደል እያዩ መጻፍ ጀመሩ፤ ፍጥነታቸውም ሄደ። ሶስና አንድ ቀን ገበያ አግኝታኝ «እማዬ እጇን አታምነውም አሁን፤ እርጅና ነው መሰለኝ» አለችኝ። «ይሆናል» አልኳት። በየበዓሉ ስጦታ እወስድላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይመርቁኛል። ምርቃቱ እየበዛ ሲሄድ ባኮ ሥራ አገኘሁና ተገላገልኩ። ሸሸሁ ማለት ይሻላል።

ለቀብሩ ከባኮ ሌሊቱ ሲነጋ የተነሳ አውቶብስ ይዤ ደረስኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እነዚያ ሰላምታ ሲያሳጥሩ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው «እንደ እሷ ያለ ሰው የት ይገኛል» ይላሉ። አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተነስተው ስለ አዴ አስካለ መሰከሩ። ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ በጉ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እርግጥ አንድ ጊዜ ተሰናክላለች፤ ያንንም ጌታ ይቅር ብሏታል» አሉ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

«ከእሳቸው ጋር ትሠራ ነበር እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

ዞር ሳልል አወቅኋት። ያን ረጋ ያለ ድምፅ በሕይወቴ የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ ጄኔሬተር ሳወርድ ነው። ታደለች ናት። ፀሐይ ያጠቆራት፣ ቆፍጠን ያለች፣ እጆቿ የሽንኩርት ነጋዴ እጅ የሆኑ ሴት። ትልቋ ልጇ አድጋ ወደ እሷ እንደመጣች፣ ሦስቱን ግን ዓመት በዓል ሲመጣ ብቻ እንደምታያቸው በኋላ ነገረችኝ።

«አዎ፣ አብረን ነበርን» አልኳት። «አንቺስ እንዴት አወቅሻቸው?» ማወቄን ደብቄ።

«እኔማ ጠላታቸው ነበርኩ» አለች። «በእሳቸው ምክንያት ነው ቤቴ የፈረሰው። ጉደር ድረስ መጡ፣ ይቅርታ ሊጠይቁኝ። መጀመሪያ ሲመጡ የዕቃ እጣቢ ደፋሁባቸው። ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ። ሁለተኛ ሲመጡ ከጠዋት እስከ ቀትር ደጄ ላይ ተቀመጡ፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሦስተኛ ሲመጡ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ‹ያጠፋችብሽ ይቺ ናት። የፈለግሽውን አድርጊያት› አሉኝ። ምን ላድርጋት? ይዤያት አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሁሉ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ሽንኩርት ይለቅሙልኝ ነበር፣ በዚያችው እጅ።»

እኔ ባኮ ተቀምጬ የዓመት በዓል ስጦታ ስልክላቸው፣ እሳቸው በእኔ ጥፋት እጣቢ እየተደፋባቸው ደጅ ይጠኑ ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔም መቼም አልጠየቅሁም።

«እጃቸው አልነበረም» አልኳት።

«ምን?»

ነገርኳት። ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ራይቷ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ስለመለስኳት፣ አጥሩ ሥር ስለዋሸሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ አንገቱን የደፋ ሰው አያስገርምም።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ለዘፈን?» አለች በመጨረሻ።

«ለዘፈን።»

«እሳቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት?»

«አላወቁም።»

ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠችና ትክ ብላ አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ምነው በጮኸች።

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ይቅር ያልኩት ማንን ነው?»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ታደለች በአገጯ ከድንኳኑ ማዶ፣ ሴቶች መሃል የተቀመጠችውን ሶስናን አሳየችኝ።

«መጀመሪያ ለልጃቸው ንገር። እዚሁ፣ ሰው ሳይበተን፣ እኚያ ሽማግሌ እየሰሙ» አለች። «ለእኔ ቸኩለህ አትለምነኝ። እሳቸውን ይቅር ያልኩት ሦስተኛ ሲመጡ ነው። አንተ ገና አንዴ ነው የመጣኸው፤ እሱንም ወደ እኔ አይደለም።»